ጠጕርን ስለ ማስተከልና ሳያነቡ ስለ መፈረም

በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጸሐፊነት ስናገለግል ብዙ ዘመን ሆነን። ለባለጉዳዮች ዘወትር የምንሰጠው ምክር «ሳታነቡ አትፈርሙ» የሚል ነው። ይህንኑ ምክር ራሳችን ሳንፈጽመው ቀርተን የደረሰብንን፥ ለአንባቢዎቻችን ትምህርት ይሆን ዘንድ ዛሬ እንጽፋለን።

ጠጕራችን ከግንባር ወደ ኋላ መሸሽ የጀመረው በሠላሳ ዓመታችን ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን የቤቴል ልጆች በነቢዩ በኤልሳዕ መላጣነት እንደ ዘበቱ ስንሰማ ከሚሥቁት ወገን ነበርን፤ ኋላ ግን ተራው የእኛ ሆነ። ከአርባ ዓመት በኋላ ነገሩ ስለ ከበደን፥ ለቤታችን ጣራ ማደሻ ከተጠራቀመው ገንዘብ ላይ ለባለቤታችን ሳንነግር ወስደን ወደ አንድ ሕክምና ቤት ሄድን። ማታ ራሳችንን በጨርቅ ጠምጥመን በገባን ጊዜ ምሥጢሩ ተገለጠ። ባለቤታችንም አልተቈጣችም፤ «ጣራው ሲያፈስ የሚያፈሰው በልጆቹ ራስ ላይ ነው» ብላ ዝም አለች።

የሕክምናው ሥርዐት እንዲህ ነው። የወንድ ጠጕር ብዙውን ጊዜ የሚሳሳው፥ በዘር ከሚወረስ ጠባይ የተነሣ፥ ሆርሞን የተባለው ንጥረ ነገር የግንባርንና የአናትን ሥር እያቀጨጨ ስለሚሄድ ነው። ከማጅራት በላይና ከጆሮ ዙሪያ ያለው ግን ይህን ይቋቋማል። የኒው ዮርኩ ሐኪም ኖርማን ኦረንትራይክ እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. በዚህ መንገድ ማከም ጀምረው፥ ከኋላ የተወሰደ ጠጕር በተተከለበት ስፍራ የቀድሞ ጠባዩን ይዞ እንደሚኖር በ1959 ዓ.ም. ጽፈው አስረዱ። ዛሬ ሐኪሙ ስፍራውን በመርፌ ካደነዘዘ በኋላ፥ ወይ ከኋላ ቀጭን የቆዳ ቍራጭ ያነሣል፥ ወይም በትንሽ ክብ ምላጭ ሥሮቹን አንድ ባንድ ያወጣል። የፊተኛው እንደ መሥመር ያለ ጠባሳ፥ የኋለኛው እንደ ነጥብ ያሉ ጠባሳዎች ይተዋል። ከእያንዳንዱ ሥር ከ1 እስከ 4 ጠጕር ይበቅላል። የተጠቀለለ ጠጕር ሥሩም ከቆዳ በታች የጐበጠ ስለሚሆን፥ ባልለመደ እጅ በቀላሉ ይቈረጣል።

የእኛ ሥራ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ግንባራችን አበጠ፤ በዐሥር ቀን ውስጥ ቅርፊቱ ወደቀ፤ እኛም ደስ አለን። በሦስተኛው ሳምንት ግን የተተከለው ጠጕር በትራሳችን ላይ ይረግፍ ጀመር። የልጆቻችንን ጣራ በከንቱ የሸጥን መሰለን። «ተታለልን» ብለንም ብዕር አንሥተን ከሳሽና ተከሳሽ የሚል ማመልከቻ ጻፍን። ለማስረጃ የፈረምነውን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥተን ብናነበው ግን፥ የተተከለው ጠጕር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደሚረግፍ በግልጥ ተጽፎበታል። የሚረግፈው ዘንጉ ነው እንጂ ሥሩ አይደለም። ሥሩ ዐርፎ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ወር ጀምሮ አዲስ ያወጣል፤ ፍጻሜውም የሚታየው ከ12 ወር በኋላ ነው። ማመልከቻውን በእፍረት ቀደድነው።

ዛሬ ሁለተኛው ዓመት ነው። ግንባራችን ለብሷል፤ አናታችን ግን እንደ ነበረ ነው። ተከላ ካለበት ወደሌለበት ያዛውራል እንጂ አዲስ ጠጕር አይፈጥርምና። ከኋላ ያለውም ሀብት የተወሰነ ነው፤ አንድ ጊዜ የተነቀለ ሥር በነበረበት አይተካም።

ስለዚህ ይህን የሚያስብ ሰው የሚከተለውን ያስተውል። ወጣት ሆኖ ጠጕሩ ገና በመርገፍ ላይ ያለ እንደ ሆነ አይቸኵል፤ ዙሪያው ረግፎ የተተከለው ብቻውን እንደ ደሴት ይቀራልና። በራስ ላይ የሚቀባው ሚኖክሲዲል የተባለው መድኃኒት ይረዳው እንደ ሆነም አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ቍስሉ ሲድን ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር አይጀምር። ከየአገሩ ብዙ ሰው በሚሄድባት በኢስታንቡልም ይሁን በከተማችን፥ ቆዳውን የሚበሳው ሐኪሙ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው ብሎ ይጠይቅ። ጠጕራቸው ከግንባር ዳር የሳሳ እኅቶቻችንም፥ ምክንያቱ የጠበቀ ሹሩባ እንደ ሆነ፥ ከሁሉ በፊት ሹሩባውን ያላሉ።

የወሰድነውን ገንዘብ በየወሩ ከደመወዛችን እየመለስን ነው። ያለፈውን ክረምት ግን ከጣራው በታች ሁለት ባልዲ አኑረን አሳለፍነው። ሌሊት የጠብታውን ድምፅ በሰማን ቍጥር እጃችን ሳናስበው ወደ ግንባራችን ይሄድ ነበር። ጠጕሩ በመብቀሉ አንጸጸትም፤ የምንጸጸተው ለባለቤታችን ሳንነግር በመክፈላችንና ሳናነብ በመፈረማችን ነው።