ምስክር ወረቀቱና የሥራ ጠረጴዛው፦ የፋይናንስ ሙያ ፈተናዎች ለባንክ ባለሙያዎች ያላቸው ፋይዳ

በባንክ የሚሠራ ወጣት ምሩቅ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ሁለተኛ ዲግሪ ይቀጥል ወይስ ዓለም አቀፍ የሙያ ምስክር ወረቀት ይያዝ? የፈተናዎቹ ክፍያ የሚተመነው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ሲጀምር የደመወዝተኛው ሸክም በርትቷል። ስለዚህ የምስክር ወረቀት ምርጫ የክብር ብቻ ሳይሆን የኑሮም ጉዳይ ሆኗል።

ለሂሳብና ለኦዲት ባለሙያ መልሱ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 847/2006 የፋይናንስ ሪፖርት በዓለም አቀፍ ደረጃዎች መሠረት እንዲዘጋጅ ደንግጓል። በእነዚህ ደረጃዎች መሠረት ባንክ የብድር መጠባበቂያ የሚይዘው ብድሩ እስኪበላሽ ጠብቆ ሳይሆን፣ ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ አስቀድሞ ገምቶ ነው። እስከ 13 ፈተናዎችና የ36 ወራት የሥራ ልምድ የሚጠይቀው ኤሲሲኤ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ባለሙያው ማታ ያጠናውን በማግሥቱ በጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል።

የሲኤፍኤ ነገር ይለያል። ሦስት ደረጃዎች ያሉት፣ ለእያንዳንዱም 300 ሰዓት ያህል ጥናት የሚመከርለት ይህ ፈተና ትኩረቱ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ትመናና የኢንቨስትመንት አስተዳደር ነው። ከአብዮቱ በኋላ የተደራጀ የአክሲዮን ገበያ ባልነበረበት አገር፣ ዕውቀቱን የተሸከመ ሰው የሚያውልበት ቦታ አልነበረውም። አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መንገዱን ከፍቶ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ሲጀምር ግን ሁኔታው ተለወጠ። በግምጃ ቤትና በኢንቨስትመንት ባንክ ዘርፍ መሥራት ለሚሻ ሰው ሲኤፍኤ ዛሬ ትርጉም አለው፤ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ለመሆን ለሚያስብ ግን ውድ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ኤፍአርኤም ደግሞ በሁለት ፈተናዎችና በሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚገኝ፣ ለሥጋት አስተዳደር ባለሙያ የተዘጋጀ ነው። የብድር፣ የገበያና የገንዘብ እጥረት ሥጋት እንዴት እንደሚለካ ያስተምራል። ይሁን እንጂ የቡና ላኪን የብድር ጥያቄ የሚመረምር ባለሙያ ሌላም ዕውቀት ያስፈልገዋል። የመኸሩ ወቅት መቼ እንደሆነ፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር በዋስትና የተያዘ ሕንፃ ቢሸጥ ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ ተበዳሪው በነጋዴዎች ዘንድ ያለው ስም ምን እንደሚመስል ማወቅ አለበት። ይህን የትኛውም ዓለም አቀፍ ፈተና አይጠይቅም።

አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። ቀጣሪው ከየትም ይምጣ፣ ምስክር ወረቀቱ በቀላሉ የሚያነበው የጋራ ቋንቋ ነው። አደጋው ያለው ባንኮች ወረቀቱን ለሁሉም የሥራ ዘርፍ የእድገት መስፈርት ካደረጉት ነው፤ ያኔ ተበዳሪውን አጥርቶ የሚያውቀው ባለሙያ ከኋላ ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያው ለፈተና ከመመዝገቡ በፊት፣ ባንኩም ወጪውን ከመሸፈኑ በፊት፣ ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ዕውቀት በየትኛው ጠረጴዛ ላይ ይውላል?