«ሚን» ስትላችሁ «ምን አደረገችሽ?» በሉ

እኔ ምግብ ቤት ነው ያለኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የምሠራው አሌክሳንድሪያ ስለሆነ ግማሽ ዕድሜዬ ቤልትዌይ ላይ ነው ያለቀው። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ ስለ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። እነዚህን ቃላት በደንብ ባለማወቄ ልጄን ጎድቻታለሁ። እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ልጄ አምስተኛ ክፍል እያለች ለምሳዋ የሽሮ ፍርፍር በቴርሞስ እቋጥርላት ነበር። አንድ ሰሞን ቴርሞሱ ሳይነካ መመለስ ጀመረ። «ምነው?» ስላት «አልራበኝም» ትላለች። አንድ ማታ ግን ስለ አንዲት የክፍሏ ልጅ «ሺ ኢዝ ሚን» አለችኝ።

እኔ አዲስ አበባ ስማር «ሚን» ማለት ስስታም፣ ቆንቋና ነው ብዬ ነው የያዝኩት። እንግሊዞቹም እንደዚያ ይሉታል። ስለዚህ ልጅቷ ከምሳዋ የማታካፍል መሰለኝ። «አንቺ ጨዋ ሁኚ፣ ከራስሽ ቆርሰሽ ስጫት» አልኳት። ልጄም ቃሌን አክብራ በማግስቱ ሰጠቻት። ልጅቷ አፍንጫዋን ይዛ «ዲስገስቲንግ!» ብላ ጮኸች። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

እዚህ አገር ልጆች «ሚን» ሲሉ ሆን ብሎ ሰው የሚያስከፋ ማለታቸው ነው። ልጄ «ድረስልኝ» ስትለኝ ነበር። እኔ መልሼ ወደዚያው ላክኋት።

ሁለተኛው ጥፋቴ ደግሞ የባሰ ነው። ነገሩን ስሰማ ደሜ ፈላ። ምግብ ቤቱን ዘግቼ በእኩለ ሌሊት ለአስተማሪዋ ኢሜይል ጻፍኩ። ልጅቷን «ናስቲ» አልኳት። በኔ ቤት «ክፉ ናት» ማለቴ ነው። «ናስቲ» ግን ክፋትም ቆሻሻነትም አለበት፤ ስለ መጥፎ ሽታና ስለ ከፋ ቁስልም ይባላል። ትልቅ ሰው ስለ አሥር ዓመት ልጅ ሲጽፈው ስድብ ነው። በማግስቱ ተደወለልኝ። ወሬው ስለ ልጄ መሆኑ ቀርቶ ስለ እኔ አጻጻፍ ሆነ። ከሳሽ ሆኜ ጀምሬ ተከሳሽ ሆኜ ስልኩን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ልጄን ይዣት ወደ ሥራ ስንሄድ ውድሮ ዊልሰን ድልድይ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። «እስኪ አንቺ አስተምሪኝ» አልኳት።

«አባዬ፣ ‹ዊርድ› ያልለመዱት ነገር ነው፤ እሱ ብዙ አያናድደኝም» አለች። «‹ግሮስ› ስለ ንፍጥም ስለ ስፒናችም ይባላል።» እኔ ደግሞ «ግሮስ» የማውቀው ከሂሳብ ሠራተኛዬ ነው፤ ወጪ ሳይቀነስ ያለው ጠቅላላ ገቢ! ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «‹ሩድ› የሆነ ሰው ሳያስበው ሊሆን ይችላል፤ ‹ሶሪ› ይልሃል። ‹ሚን› ግን እንደሚያምህ እያወቀ ነው። ‹ዲስገስቲንግ› ያለችው ምግቡን ብቻ አልመሰለኝም።»

በአማርኛም እኮ ደረጃ አለው። አልጣመኝም፣ አስጠላኝ፣ ቀፈፈኝ፣ ተጸየፍኩት እንላለን። እንጀራችን ሊጡ ቀናት ቆይቶ ስለሚቦካ ይኮመጥጣል። «ሳወር ነው» የሚለኝ ደንበኛ እውነቱን ነው፣ ስለ ሊጡ ነው የሚያወራው። የሚጸየፈው ግን ሊጡን አልፎ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ልጄ ይህን በአሥር ዓመቷ ለይታ ታውቃለች። እኔ ግን ሁሉንም «አልወደዱትም ማለት ነው» ብዬ አልፌው ነበር።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱን በአስተርጓሚ ለመነጋገር ጠየቅሁ። ይህን ልብ በሉ፦ የሞንትጎመሪ ካውንቲም የአሌክሳንድሪያም ትምህርት ቤቶች በአማርኛ የተዘጋጁ ጽሑፎች አሏቸው፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ። «እንግሊዝኛ እችላለሁ» ብላችሁ አትኩሩ፤ እኔም እችላለሁ ብዬ ነው። ልጃችሁንም አስተርጓሚ አታድርጓት። የራሷን ስድብ ራሷ እንድትተረጉም ማድረግ ሁለተኛ ስድብ ነው።

በስብሰባው ላይ ልጅቷን ምንም ስም አልሰጠኋትም። የተደረገውን ብቻ ተናገርኩ፦ በዚህ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ አፍንጫዋን ይዛ ይህን አለች፣ ልጄ ከዚያ ወዲህ ምሳ አልበላችም። ስለ ኢሜይሉም ይቅርታ ጠየቅሁ። አስተማሪዋ መጻፍ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው የተደመጥኩት።

ልጆች፣ እናንተም ይህን ካነበባችሁ፣ አባትና እናታችሁ ቃሉን ላያውቁት ይችላሉ። ስለዚህ የሆነውን ንገሯቸው፤ በተሰባበረ አማርኛም ቢሆን ይገባናል።

ልጄ እስካሁን በየቀኑ ፍርፍር አትይዝም፤ ሳንድዊች ይሻላታል። አርብ አርብ ግን «አባዬ፣ ሽሮ አለ?» ትለኛለች። እኔም ማታ ስገባ «ት/ቤት እንዴት ነበር?» ማለት ትቻለሁ። «ምን አደረጋችሁ? ማን ምን አለሽ?» ነው የምላት። መልሱ ይረዝማል፣ እራቱም ይቀዘቅዛል። ይቀዝቅዝ።

ሰላም ሁኑልኝ።