ሰርቨሩን ከመክፈትሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ሐዋሳ ላይ የራስሽን የሠርግ ቪዲዮ ሥራ ልትጀምሪ መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል። ውጭ አገር ያሉት የሙሽሮች ዘመዶች ሳይቀሩ ቪዲዮውን ከቤትሽ ኮምፒውተር እንዲያወርዱ ኤፍቲፒ ሰርቨር ልትከፍቺ ነው አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ኤፍቲፒው ግን ይቅርብሽ።

ኤፍቲፒ የ1971 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ነው። ያኔ ኔትወርኩ ላይ የነበሩት ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ስለሆኑ ማን ማንን ይጠረጥራል? የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠር እንዳለ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ያደባ ሁሉ ያነበዋል። ክሮምና ፋየርፎክስም በ2021 እርግፍ አድርገው ትተውታል። በዚያ ላይ ትእዛዙ በፖርት 21፣ ፋይሉ በሌላ ፖርት ስለሚሄድ ራውተር መሃል ሲገባ ይጣላሉ። ደንበኛሽ «ገባሁ፣ ግን ምንም አይታየኝም» እያለ ሲደውል ይውላል።

ኤስኤፍቲፒ ተጠቀሚ። ስማቸው ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም። ይሄኛው ኤስኤስኤች በሚባለው የተመሰጠረ መስመር ውስጥ ያልፋል፤ ሁሉን ይመሰጥራል፤ ፖርት 22 ብቻውን ይበቃዋል። ኤስኤስኤችን ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን በ1995 የሠራው በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃል ከተዘረፈ በኋላ ነው።

የቤትሽ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫኚ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን አካውንት ክፈቺና ከራሱ ፎልደር እንዳይወጣ አጥሪው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው፤ ያጠርሽበት ፎልደር ባለቤቱ ሩት (የኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት) መሆን አለበት፣ ከሩት በቀር ማንም ሊጽፍበት አይገባም። ካልሆነ ኤስኤስኤች የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ ወዲያው ያባርራል። ሰው ይናደድና ፈቃዱን 777 አድርጎ ለሁሉም ይከፍተዋል፤ ያኔ ጭራሽ ይብሳል። ፎልደሩን ለሩት ተዪው፤ ቪዲዮውን ውስጡ በምትፈጥሪው ሌላ ፎልደር አድርጊ፤ ደንበኛው አንብቦ ያውርድ እንጂ አይጻፍበት። ካወረደ በኋላ አካውንቱን ዝጊ። አንቺ ራስሽ በይለፍ ቃል ሳይሆን በኤስኤስኤች ቁልፍ ብቻ ግቢ፤ ሩት ከውጭ እንዳይገባ ከልክዪ። ፖርቱን መቀየር በር የሚያንኳኩትን ጫጫታ ይቀንሳል እንጂ ሌባ አይመልስም።

ከሁሉ በፊት ግን ራውተሩ ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ እዪ። በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር የሚጀምር ከሆነ አድራሻው የብቻሽ አይደለም፤ ራውተሩ ላይ ፖርት ብታስተላልፊም ከውጭ የሚደርስ የለም። ያኔ የብቻሽን አድራሻ ጠይቂ፣ አለዚያ ሰርቨር ተከራዪ። በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 20 ጊጋባይት ቪዲዮ ወደ 9 ሰዓት እንደሚፈጅም አስቢ፤ በዚህ መሃል መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ የሚተካው ዩፒኤስ ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን ራውተሩንም ይያዝ።

ሰርቨሩ መጠባበቂያ አይደለም። የሁሉም ሠርግ ቅጂ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ይኑርሽ።

ስትሞክሪው የቤቱን ዋይፋይ አጥፍተሽ በስልክሽ ዳታ ግቢ፤ ከውስጥ መሥራቱ ከውጭ ይሠራል ማለት አይደለም። ይህን ሳታረጋግጪ ለማንም ደንበኛ አድራሻውን እንዳትሰጪ። ካስቸገረሽ ማታ ደውዪልኝ።

አባትሽ