ፍቺ የበዛው መቼ ነው?



በመኝታ ክፍላችንም ሆነ በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ የትዳር ነገር በተነሣ ቁጥር፥ «ፍቺን ያመጣብን ሥልጣኔ ነው፤ በአያቶቻችን ዘመን ትዳር የጸና ነበር» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ እንደ እውነት ተቆጥሯል። ነገር ግን አያቶቻችንን ስንት ጊዜ እንዳገቡ ብንጠይቃቸው ብዙዎቻችን ሌላ መልስ እናገኛለን። ጥቂት ያይደሉ እናቶቻችንም አባታችንን ያገኙት የልጅነት ባላቸውን ጥለው ከወጡ በኋላ ነው።

ይህ የየቤታችን ወሬ ብቻ አይደለም። ዳና ቲልሰንና ኡላ ላርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 በአገራችን የተካሄደውን የቤተሰብ ጥናት መርምረው፥ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያልቅ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጽሑፍ አስረድተዋል። ከተፋቱትም ሴቶች ሁለት ሦስተኛው የተፋቱት በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው ሕዝብ በገጠር የሚኖር ገበሬ ስለ ነበረ፥ ጥፋቱን ሁሉ በከተማና በትምህርት ላይ መጫን አይቻልም። ተመራማሪዎቹ ከምክንያቶቹ አጉልተው ያሳዩት ያለ ዕድሜ መዳርንና ልጅ አለመውለድን ነው።

ነገሩ ሲመረመር አያስደንቅም። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ በዚያ ዓይነቱ ጋብቻ ግን ቀጂዎቹ ወላጆች ነበሩ። ጋብቻው የሁለት ቤተ ዘመድ ውል ስለ ሆነ የልጅቱ ፈቃድ አልተጠየቀም። እርስዋም ነፍስ ስታውቅ መልስዋን በእግርዋ ትሰጣለች፤ ወደ አባትዋ ቤት ትመለሳለች። የሰማንያ ጋብቻም በውል የታሰረ በመሆኑ በውል ይፈታል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረቱን ያካፍላል። የማይፈታው የቁርባን ጋብቻ ነው፤ እርሱም በአብዛኛው የካህናትና አብረው የሸመገሉ ባልና ሚስት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል፤ የሚጎትቱት ግን ወደ ተለያየ አቅጣጫ ነው። አንደኛው የጋብቻ ዕድሜ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመትዋ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። ትምህርት ቤትም ልጅቱን ከሠርግ አቆይቷታል። ዘግይቶና መርጦ የሚያገባው ሲበዛ ያ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፍቺ ይቀንሳል። ሁለተኛው የመውጫው በር ነው። ይኸው የ1992 ሕግ ባልና ሚስት ተስማምተው እንዲፋቱ ፈቅዷል። በአማራ ክልል ደግሞ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የመሬት ደብተር በባልና በሚስት ስም መሰጠት ጀመረ። መሬት በስምዋ ያላት ወይም ደመወዝ የምታገኝ ሴት፥ ከትዳር ብትወጣ የት እንደምታድር ታውቃለች። በዚህ በኩል ደግሞ ፍቺ ሊጨምር ይችላል።

እንግዲህ ቁጥሩ ከፍ አለ ወይም ዝቅ አለ ብሎ ብቻ መፍረድ ከንቱ ነው። ፍቺ የሚያንሰው ሰዎች ተስማምተው ሲኖሩ ነው፤ መሄጃ ያጣች ሴት ዱላ ችላ ስትቀመጥም ያንሳል። ቁጥሩ ሁለቱን አይለይም፤ መለየት የእኛ ፈንታ ነው።

ጉዳዩም ከእኛ የራቀ አይደለም። ነገ ከመካከላችን ዳኛ፥ መምህርትና ሐኪም ይወጣል፤ አብዛኞቻችንም እናገባለን። ከዚያም በፊት ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስንገባ፥ ስለ ታናሽ እኅታችን ሽማግሌ ተልኮ እናገኝ ይሆናል። የፍቺን መብዛት ከልብ የምንጠላ ከሆነ፥ አባታችን እሺ ከማለታቸው በፊት አክብረን እንለምናቸው፤ ልጅቱ ትምህርትዋን ትጨርስ፥ ፈቃድዋም ይጠየቅ። በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ ከምናደርገው ክርክር ይልቅ ይህ አንድ ቃል አንድ ቤት ያጸናል።