«ኮምፒውተርዎ ቫይረስ ገብቶበታል!» የሚለው ውሸት

ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ድንገት ነው። ስክሪኑ መሃል ቀይ ጋሻ ያለበት መስኮት ይከፈታል፤ ከሥሩ አረንጓዴ መስመር እየሞላ ይሄዳል፤ የፋይል ስሞች ይሽቀዳደማሉ፤ «የተገኙ ቫይረሶች» የሚለው ቁጥር 12፣ 27፣ 38 እያለ ያሻቅባል። ሲያበቃ «አሁኑኑ አጽዳ» የሚል ቁልፍ ይቀርባል። ቁልፉን የተጫነ ሰው የክሬዲት ካርድ ቁጥሩን ይጠየቃል።

ምርመራ የሚባል ነገር ግን አልተካሄደም። ገጹ ያሳየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ብቻ ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆኑት በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የነበሩ የማክ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ በእነሱም ስክሪን ላይ የዊንዶውስ ኤክስፒ መስኮት እየተከፈተ «ሲ ድራይቭ ውስጥ ቫይረስ ተገኝቷል» ይላቸው ነበር። ማክ ላይ ሲ ድራይቭ የለም።

ሐሰተኛ አንቲቫይረስ ደሞዝተኛ ቀጥሮ የሚሠራ ትልቅ ንግድ ነበር። ዊንፊክሰርን፣ ድራይቭ ክሊነርንና ኤክስፒ አንቲቫይረስን ይሸጥ የነበረው ኢኖቬቲቭ ማርኬቲንግ የተባለ ድርጅት የተመዘገበው በቤሊዝ ሲሆን፣ ሥራው የሚካሄደው ግን በዩክሬን ዋና ከተማ በኪየቭ ነበር። ቅሬታ ለሚያሰማ ደንበኛ ስልክ የሚያነሳ የጥሪ ማዕከል ሳይቀር ነበረው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ሲከሰው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደተታለሉ ገልጿል። በ2012 ደግሞ ፍርድ ቤት ከተከሳሾቹ አንዷ ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንድትከፍል ፈርዷል።

ወጥመዱ የሚጠመደው አጠራጣሪ ድረ ገጽ ላይ ብቻ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሚኒያፖሊስ የሚታተመው ስታር ትሪቢዩን ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2010 ይኸው ገጥሞታል። አጭበርባሪዎቹ የማስታወቂያ ድርጅት መስለው ቀረቡ፤ የአንድ የሆቴሎች ድርጅት ማስታወቂያ ነው ብለው ሰጡ። ጋዜጣው ፈትሾ ድረ ገጹ ላይ ካወጣው በኋላ ኮዱን ቀየሩት። ዜና ሊያነብ የገባ ሰው ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ በማስጠንቀቂያ ተሞላ፤ መፍትሔው ደግሞ 49.95 ዶላር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፦ በዚህ የሚታለሉት ሞኞች አይደሉም። ወጥመዱ የተሠራው ለኮምፒውተሩ የሚጨነቀውን፣ የልጆቹ ፎቶ እንዳይጠፋበት የሚሰጋውን ሰው ለመያዝ ነው። ሕጋዊ ሱቅ ውስጥ እንኳን ተመሳሳይ ነገር ተፈጽሟል። ኦፊስ ዲፖ የተባለው የአሜሪካ የሱቆች ድርጅት በነጻ «የኮምፒውተር ጤና ምርመራ» ያደርግ ነበር። ደንበኛው ከአራቱ ጥያቄዎች ለአንዱ፣ ለምሳሌ «ኮምፒውተርዎ ቀርፋፋ ሆኗል?» ለሚለው፣ አዎ ካለ ፕሮግራሙ የቫይረስ ምልክት አገኘሁ ይላል። ምርመራው ምንም ያግኝ ምን ውጤቱን የሚወስነው ያ «አዎ» የሚል መልስ ነበር። ድርጅቱና የሶፍትዌር አቅራቢው እ.ኤ.አ. በ2019 በድምሩ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል።

ሐሰተኛው አንቲቫይረስ አንዴ ከተጫነ በኋላ ራሱን ይከላከላል። ታስክ ማናጀር ሲከፈት «ይህ ፋይል ተበክሏል» ብሎ ይዘጋዋል፤ እውነተኛው አንቲቫይረስ እንዳይነሳ ያግዳል፤ የፕሮክሲውን ቅንብር ቀይሮ ብራውዘሩ የደኅንነት ድረ ገጾችን እንዳይከፍት ያደርጋል። በዚህ ምክንያት የማጽዳት ሥራው ቅደም ተከተል አለው።

መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። ከዚያ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር እንደ ማልዌርባይትስ ያለ የታወቀ ማጽጃ ከራሱ ከአምራቹ ድረ ገጽ ወርዶ በፍላሽ ይመጣል። የታመመው ኮምፒውተር ሺፍት ተጭኖ እንደተያዘ «ሪስታርት» ይደረጋል፤ ከሚመጡት አማራጮች ውስጥም ሴፍ ሞድ ይመረጣል። በሴፍ ሞድ ዊንዶውስ የሚያስነሳው ለሥራው የግድ የሚያስፈልጉትን ብቻ ስለሆነ፣ አብሮ መነሳት የለመደው አጭበርባሪ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ይቀራል። ያኔ ይፈተሻል፣ ይጸዳል። በመጨረሻ የፕሮክሲው ቅንብር፣ የብራውዘሩ ኤክስቴንሽኖችና ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ይታያሉ።

በነጻ ይህን ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ብሊፒንግ ኮምፒውተር የተባለው ድረ ገጽ የሚያድለው አርኪል የተባለ ትንሽ ፕሮግራም አጭበርባሪውን ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ያስቆመዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ማጽጃው የሚሠራው። አጭበርባሪዎቹ አርኪልን በስሙ እየለዩ ማገድ ሲጀምሩ፣ አዘጋጆቹ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ፋይል የሚመስል ስም አውጥተውለት በዚያው አሳለፉት።

አገር ቤት ኮምፒውተር ሲታመም የሚሰማው ፈጣኑ መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ፎርማት አንዳንዴ የግድ ይሆናል፤ ግን ፎቶና ሰነድ ሳይገለበጥ ከተደረገ አጭበርባሪው ያልነካውን ንብረት ባለቤቱ ራሱ ያጠፋዋል። ባለሙያው ዘንድ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ «ሴፍ ሞድ ላይ ተሞክሯል? ፋይሎቼስ ተገልብጠዋል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ዛሬ ውሸቱ ቀለል ብሎ መጥቷል። አንድ ድረ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» ይላል። ፍቀድ ከተባለ በኋላ በስክሪኑ ጥግ፣ በስልክም ላይ፣ የታወቁ አንቲቫይረሶችን ስም የያዘ ማስፈራሪያ ይዘንባል። ይህ የብራውዘር ኖቲፊኬሽን ነው፤ ክሮም ቅንብር ውስጥ ገብቶ የዚያን ድረ ገጽ ፈቃድ መንሣት ያቆመዋል። ስክሪኑን ሞልቶ «ወደ ማይክሮሶፍት ይደውሉ» የሚል ገጽ ከመጣ ደግሞ ኤስኬፕን ተጭኖ መያዝ፣ እሱ ካልሠራ ብራውዘሩን ከታስክ ማናጀር መዝጋት ነው። እውነተኛ የማይክሮሶፍት ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር አይዝም።

ገንዘቡን የከፈለ ሰውስ? በዚያው ዕለት ወደ ባንኩ ይደውል፤ ካርዱ እንዲዘጋና ክፍያው እንዲጣራ ይጠይቅ። ኮምፒውተሩን ለማያውቀው ሰው በርቀት ከፍቶ ከነበረም የይለፍ ቃሎቹን ከሌላ መሣሪያ ይቀይር። ቅሬታው ከንቱ አይቀርም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ሦስት የሐሰተኛ አንቲቫይረስ ቡድኖችን ሒሳብ መርምረው በድምሩ ከ130 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳስገቡ ደርሰውበታል። እነዚሁ ቡድኖች ለአንዳንድ ደንበኞች ገንዘብ ይመልሱ ነበር። ይህን የሚያደርጉት ቅሬታ ከበዛ የካርድ ድርጅቶቹ የክፍያ መስመራቸውን ስለሚዘጉባቸው ነው። አፍሮ ዝም የሚል ደንበኛ ግን መስመሩ ክፍት ሆኖ እንዲቀጥል ይረዳቸዋል።