የደቻቱ ዳር ብረት ቤት

በ1980ዎቹ አጋማሽ ድሬዳዋ ውስጥ ብረት ልሥራ ያለ ልጅ የሚያስፈልገው ሲሚንቶና የኒዶ ጣሳ ነበር። ሲሚንቶው የከተማዋ ነው፤ ፋብሪካው ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ የቆመ ስለሆነ ጆንያ ሙሉ መግዛት ባይቻል ጥራጊው አይጠፋም። ኒዶው በረሃ አቋርጦ በኮንትሮባንድ ይገባል። ወተቱን ሕፃናት ይጠጡታል፣ ጣሳውን እኛ እንወርሳለን። ቧንቧውን ጣሳው መሃል አቁመን ሲሚንቶ እናፈስበታለን፤ አንዱ ጫፍ ሲደርቅ ገልብጠን ሌላውን እንሞላለን። ከዚያ የሚቀረው ማንሳት ነው። ሚዛን ላይ ያወጣው ሰው አልነበረም። ቀፊራ ገበያ ሚዛን ሞልቷል፤ ግን ማን ተሸክሞት ይሄዳል?

ቦታው ደቻቱ ወንዝ ዳር የአንድ ጓደኛችን ግቢ ነበር። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ከጓሮው የብረት ቁርጥራጭ ጠፍቶ አያውቅም። ከሁሉ የከበደውን አጣና የሚያህል ብረት “ሬሳው” እንለው ነበር፤ ከቦታው ለማንቀሳቀስ አራት ሰው ይጠይቃል። ወለሉ ከወንዙ የመጣ አሸዋ ነው። ግድግዳው ላይ ከመጽሔት የተገነጠለ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ተለጥፏል፤ “ኮማንዶ”ን ቪዲዮ ቤት ገብቶ ደጋግሞ ያላየ ከመካከላችን አልነበረም። ፕሮቲናችን የባቢሌ ለውዝ ነው፣ ገንዘብ ሲገኝ ጥሬ እንቁላል። የምንሠራው ሙቀቱ ሲሰበር፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት የበርጫ ነው፤ ድሬ ላይ ማንም በዚያ ሰዓት ብረት አያነሳም፣ አብዶ ካልሆነ።

የምንወደው አነሳስ ቆሞ ከደረት ወደ ላይ መግፋት ነበር። ብረቱ እምቢ ሲል ወገብን ወደ ኋላ ቀስት አድርጎ ደረትን ለሰማይ መስጠት ነው፤ ያን ጊዜ ይወጣል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። ይህ አነሳስ በ1972 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው የሙኒክ ኦሎምፒክ በኋላ ከውድድር ወጥቷል። ተወዳዳሪዎቹ እንደኛ ወደ ኋላ ሲለጠጡ ዳኛ ትክክለኛውን ከተሳሳተው መለየት ተቸገረ፤ ለወገብም ተፈርቶ ነበር። ወሬው ሃያ ዓመት አልፎትም ደቻቱ ዳር አልደረሰም። ስለ ናይም ሱለይማኖግሉ ግን ሰምተናል። አገራችን ባልተገኘችበት የሴኡል ኦሎምፒክ የ60 ኪሎ ሰው ሆኖ 190 ኪሎ ያነሳ አጭር ቱርክ መኖሩን የነገረን ልጅ ለአንድ ሳምንት ውሸታም ተብሎ ከርሟል።

የኔ ወገብ የሄደው ግን ወደ ላይ ስገፋ አይደለም። ከመሬት ሳነሳ አንዱ ጣሳ ቀድሞ ተነሳ፣ ሌላው ቀረ፣ ቧንቧው ዞረ፣ እኔም አብሬው ዞርኩ። ወገቤ ላይ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። በማግስቱ ሕመሙ ከመቀመጫዬ ተነስቶ በባቴ ወርዶ ትንሿ የእግሬ ጣት ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ይለቅብኝ ጀመር። ማስነጠስ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ያኔ አወቅሁ።

ምርመራው በየአቅጣጫው ነበር። እናቴ የሰው ዓይን ነው አለች። ጓደኞቼ በጣሶቹ ፈረዱ፤ ቀፊራ ወስደው አስመዘኗቸው፣ እውነትም እኩል አልነበሩም። ወጌሻው ወገቤን በቅባት አሽቶ “ብርድ ነው” አለ።

“አቦ፣ ድሬ ላይ የምን ብርድ?” አለው አንዱ።

“ብርድ አገር አይመርጥም፤ ዝም በል አንተ!”

ሐኪም ዘንድ ራጅ ተነሳሁ። አጥንቴ ደህና ነው ተባልኩ፤ ራጅ አጥንት እንጂ ዲስክ አያሳይም፣ ኤምአርአይ የሚባለውን ስሙንም አልሰማንም። ሁሉም የተስማማው በአንድ ነገር ነው፤ ጠንካራ ነገር ላይ ተኛ። የአሮጌ በር ሳንቃ ፍራሼ ሥር ገባና ተኛሁ። በለውዝ የተገነባው ደረቴ ፍራሹ ላይ ሟሟ።

ይህ የድሬ ስህተት ብቻ አልነበረም። የዓለም ሐኪም ሁሉ ወገብ ያመመውን ሲያስተኛ ኖሯል። በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ሁለት ቀን የተኛና ሰባት ቀን እንዲተኛ የታዘዘ እኩል እንደሚድኑ አሳየ። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሄልሲንኪ ላይ የተጠኑት ሕመምተኞች ሲታዩ፣ ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን የዕለት ኑሯቸውን የቀጠሉት ከተኙት ቀድመው አገገሙ። ጎረቤታችን የነበረው ጡረተኛ ድሬሰር እነዚህን ጥናቶች አላነበበም። ዕድሜውን ያሳለፈው ግን ሐዲድ ሲሸከሙ ወገባቸው የሚሄድ ሰዎችን በማየት ነው። እናቴ “ና እስቲ እየው” ብላ ጠራችው። እግሬን ቀና አድርጎ አነሳ፣ ጮህኩ፣ ሳቀ።

“ተነስ። የተኙት ሲመለሱ አላየሁም፣ የተራመዱት ግን ሥራ ገብተዋል” አለኝ።

ጓደኞቼ ተራ ገቡ። በየማታው አንዱ እየመጣ ከዚራ ይወስደኛል፤ ጥላው ደህና ነው፣ መንገዱም ለጥ ያለ ነው። መጀመሪያ ከዛፍ ዛፍ ነው የምንሄደው። ግንዱን ተደግፌ አርፋለሁ፣ አጃቢዬ ለአላፊ አግዳሚው “ሬሳውን ብቻውን አንስቶ ነው” እያለ ይዋሽልኛል። በርጫ ላይ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። ናከምሶን የሚባል ስዊድናዊ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ለክቶ፣ ከመቆም ይልቅ መቀመጥ ዲስኩን የበለጠ እንደሚጫነው ጽፏል። ትራስ ተደግፎ ጎብጦ መዋልን አልለካም እንጂ! ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ እኔ በሩን ተደግፌ እቆማለሁ። የቆመ ሰው ደግሞ ይላካል። ውሃ የማመጣው፣ ካሴት የምገለብጠው፣ ከሰል የማራግበው እኔ ሆንኩ፤ ያዳነኝ ይህ መላላክ ሳይሆን አይቀርም።

ቆይቶ ብረት ቤቱ ራሱ ሳሳ። አንዱ በጅቡቲ በኩል ወጣ፣ አንዱ አዲስ አበባ ገባ፣ አንዱ አገባ። በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ግቢውም አብሮ ሄደ። በዚያ ሌሊት ከጠፋው ሁሉ ስለ ብረት ማውራት ያሳፍራል።

ባለፈው ጊዜ ከጓደኞቼ አንዱ ከጅዳ ደወለ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ ብሏል። እንዳይተኛ፣ ቀስ እያለ እንዲራመድ፣ ዕቃ ሲያነሳ ሰውነቱ ላይ አስጠግቶ እንዲይዝ ነገርኩት። ሽንት ከከለከለው ወይም መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘው ግን ሳያድር ሆስፒታል እንዲሮጥ አስጠነቀቅኩት።

“አቦ አታስፈራራኝ! ይልቅ የዚያ ወጌሻ ቅባት ከምን ነበር የሚሠራው?” አለኝ።

የሰሊጥ ዘይት እንዳለበት ነገርኩት። ሌላውን ወጌሻው ለማንም አልተናገረም።