የወንፊቱ ዝምታ

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያደገ ልጅ ወሩን የሚያውቀው በጊዮርጊስ ደወል ነበር። በ23 ገና ሳይነጋ ሲደወል አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበር ተረኛ ቤት እንሰበሰባለን፤ ካህኑ ዳቦውን ባርከው እስኪቆርሱ እኛ ልጆች ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለን ምራቃችንን እንውጣለን። ዳቦው ሲቆረስ በር ላይ የቆመ የኔ ቢጤ ካለ ቀድሞ ይደርሰዋል።

የ1977ቱን የኅዳር ጽዋ ግን ከሁሉም ለይቼ አስታውሳለሁ። ተረኛዋ አያቴ ነበረች። ወሎንና ትግራይን ረሃብ የፈጀበት ዓመት ነው፤ እኛም ሰፈር ዱቄት የሚገኘው ቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ፣ ያውም ከመጣ ነው። ጠላው ደርሷል፤ ለንፍሮው ሽንብራ አለ። የዳቦው ዱቄት ግን የለም። አያቴ ባዶውን ከረጢት አራግፋ አጣጠፈችና ውዳሴ ማርያሟን ቀጠለች። ለማንም አልተናገረችም።

በዋዜማው ማታ በሩ ተንኳኳ። ከግድግዳ ወዲያ ያሉት ሴትዮ ነበሩ። በውኃ ሒሳብ ከአያቴ ጋር ተጣልተው፣ ከፍልሰታ ወዲህ ጤና ይስጥልኝ እንኳ አይባባሉም ነበር። በነጠላቸው የሸፈኑትን ሰፌድ ሲገልጡት ሙሉ የስንዴ ዱቄት ነው።

«የነገ ተረኛ አንቺ አይደለሽ? የወንፊትሽን ድምፅ ባጣው ጊዜ ገባኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው።

ግድግዳችን ጭቃ ነው። ሲነፋ፣ ሲወቀጥ፣ ሲሳል ሁሉ ይሰማል። እሳቸው ግን የሰሙት ዝምታውን ነው። አያቴ ሰፌዱን ሳትቀበል አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም አለቀሱ።

ሴትዮዋ ሲሄዱ አያቴ «ጌታዬ አየኝ» አለች። እኔም በልጅ አፌ «ያመጡት እኮ እሳቸው ናቸው» አልኳት።

«የወንፊቴን ዝምታ ማን አሰማቸው?» አለችኝ።

በዚያን ጊዜ የእግዚአብሔር ሥራ ይታየኝ የነበረው ጠበል ላይ፣ ጋኔን ሲጮኽ ነበር። የዚያን ቀኑ ግን ቀስ ብሎ ገብቶኛል። ያኮረፈ ሰው ልቡ ተመልሶ፣ ከራሱ ጓዳ ቀንሶ፣ በጨለማ የጎረቤቱን በር ሲያንኳኳ፣ ከዚህ የበለጠ ተአምር አላየሁም። በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ከአንዱ ጽዋ ጠጡ።

ሰፈሩ በ2016 ፈረሰ። የማኅበሩ እናቶች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት አርፈዋል። እኔ አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ዱቄት ተነፍቶ፣ ታሽጎ ከሱቅ ይመጣል፤ ከግድግዳው ወዲያ የወንፊት ድምፅ የለም፣ ቢጠፋም የሚያውቅ የለም። ከጎኔ ማን እንደሚኖር ሳላውቅ ዓመት አለፈኝ። ባለፈው ኅዳር 23 ዳቦ ጋግሬ በራቸውን አንኳኳሁ።

ከፈቱልኝ።